ቅዳሜ ጠዋት የተሰማው የስፌት መኪና

አስካል የሞተችው ቅዳሜ ነው። በጂንካ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ሬሳዋን ሊያይ የመጣው ሰው ግማሹ ዶሮ ይዞ ነበር።

ኢንስፔክተር ሙሉሽ ዶሮ የያዙትንም ያልያዙትንም ከግቢ አስወጣችና በሩን ለሳጅን ደገፋ ሰጥታ ወደ ቤቱ ገባች። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አስካል ሲሚንቶው ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች፤ ጭንቅላቷ የስፌት መኪናው ብረት እግር አጠገብ ነው። ብረቱ ጠርዝ ላይ ጥቂት ደም አለ፣ ሲሚንቶው ላይ ከዚያ ትንሽ የበዛ። ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ተስተካክሏል። የወደቀ ሰው ቀሚስ እንዲህ አይሆንም።

«ሰገነት ናት ያስተካከለችላት» አለ ደገፋ ከበሩ ላይ። «አብራት የምትሰፋው ልጅ። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት፤ ልብሷ ላይ ደም አለ፤ ትናንት ደግሞ ተጣልተው ነበር፣ ጎረቤት መስክሯል። አለቀ።»

«መቼ ነው ያለቀው?»

«አሁን ነዋ አለቃ። ልጅቷን ጣቢያ ልኬያታለሁ። ከነሕፃኗ።»

«ሕፃኗ ስንት ወሯ ነው?»

«ሰባት ይላሉ። ታስላለች።» ደገፋ ሳሉን የተናገረው እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ነው። «ሰኞ ሦስት ሰዓት ችሎት እናቀርባታለን። የጊዜ ቀጠሮ እንጠይቃለን፤ አሥራ አራት ቀን።»

«ሕፃኗም አሥራ አራት ቀን ሲሚንቶ ላይ ልትተኛ?»

ደገፋ ጫማውን አየ። ሕፃኗ በክሱ ውስጥ አልተጠቀሰችም።

ሙሉሽ ክፍሉን ዞራ ተመለከተች። ከተማው አስካልን «የድሪቶዋ ቲቸር» ይላት ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የእጅ ሥራ መምህርት ሆና ከሶዶ መጣች። የእጅ ሥራ የሚባለው ትምህርት ሲቀር እሷ ከነመኪናዋ ቀረች። ከገበያ ሰልባጅ ትገዛለች፤ ደህናውን ሸሚዝ ቀድዳ ትቆራርጠዋለች፤ ቁርጥራጩን መልሳ ትገጣጥመዋለች። ድሪቶን በድህነቱ ዘመን ለብሶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህንን እንደ እብደት ያየው ነበር። ወንድይፍራው የሚባል ሰው ለቱሪስት የእደ ጥበብ ሱቅ ከፍቶ ሥራዎቿን አዲስ አበባ መላክ ሲጀምር ግን ድሪቶው «ጥበብ» ተባለ። አስካል ራሷ ድሪቶ ማለቷን አልተወችም።

አንዱ ግድግዳ ላይ ግራጫ የወታደር ብርድ ልብስ ከላይ እስከ ታች ተወጥሯል፤ ባዶ ነው። መሐል ጠረጴዛው ላይ የመጨረሻ ሥራዋ ተዘርግቷል። ስፋቱ ከአልጋ ይበልጣል። በመሐሉ ረጅም አረንጓዴ ያልፋል፤ ድሮ ከተማው መሐል የነበረው፣ አሁን ወደ ውጭ የወጣው የአውሮፕላን ሜዳ ነው። ሳር የሚግጡ ከብቶች፣ ከብቶቹን የሚያባርር ዘበኛ፣ አቋርጠው ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች፣ ሁሉም ከሰው ልብስ የተቆረጡ። ሙሉሽ በእጇ ዳሰሰችው። ወፍራም ነው፤ ውስጡ ጥጥ አለ። ከዳር እስከ ዳር በሰፋፊ ነጭ ስፌት ተይዟል።

ሙሉሽ ስፌት አታውቅም። ቁልፍ ሲበጠስባት የአክስቷ ልጅ ናት የምትተክልላት። ስለዚህ ምንም ነገር እንደምታውቀው አድርጋ አላለፈችም። የስፒል ማስቀመጫውን ቆርቆሮ አየች፤ ክዳኑ ተገጥሟል። ወለሉን በጉልበቷ ተንበርክካ ዳበሰች፤ አንድም የወደቀ ስፒል የለም።

«ምን ጠፋዎት አለቃ?»

«ገና አላወቅሁም።»

የግቢው ባለቤት እትዬ አየለች በእሳቸውና በአስካል ክፍል መካከል ባለው የጭቃ ግድግዳ አሥራ ሁለት ዓመት ሲያዳምጡ ኖረዋል። አይደብቁትም።

«እኔ ሬድዮ የለኝም» አሉ። «አስኩ ነበረች ሬድዮዬ።»

«ዛሬ ጠዋት ምን ሰሙ?»

«ወንድይፍራው ሁለት ተኩል ላይ መጣ። በር ላይ ተገናኘን፣ ሰላም ተባባልን። ከዚያ ጓሮ ወርጄ ጎመን ስኮተኩት ቆየሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ተመልሼ ቁጭ ስል መኪናው ይሄዳል። ዛሬ ደግሞ ጉድ ነው ልጄ! እረፍት የለ፣ ፋታ የለ፣ እንደ ወፍጮ። አይ አስኩ፣ ዛሬ ልትጨርሰው ነው አልኩ በልቤ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጸጥ አለ። ወንድይፍራው ወጣ። በሩን ሲዘጋ ‹በርቺ አስካልዬ፣ ሐሙስ እመጣለሁ› አላት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«እሷ ምን ትላለች! ስፒል በአፏ ሞልታ! ሥራ ላይ ስትሆን መልስ የላትም። የከንቲባው መልእክተኛ ቢመጣ አትመልስም። እኛም ለምደናል፣ መልስ ካጣን እንሄዳለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አራት ተኩል ላይ ሰገነት መጣች። ምስር እየለቀምኩ ነበር፣ ወደ ቤቱ ስትታጠፍ ጀርባዋን ነው ያየሁት። ጥቂት ቆይታ ሰላም እንኳ ሳትለኝ ወጣች። አምስት ላይ ያቺ የዩኒቨርሲቲዋ መምህርት፣ ሮዳስ፣ መጥታ አንኳኳች፤ ዝም ሲሏት ሄደች። ስድስት ላይ ሰገነት ተመልሳ መጣች። ከዚያ ጩኸት።»

«ዓርብ የተጣሉት በምን ነበር?»

«‹ፍቺው! ሁሉንም ፍቺው!› ስትላት ሰማሁ። ልጅቷ አለቀሰች። ሌላውን...» እትዬ አየለች እንደ ጥፋተኛ አቀረቀሩ። «ሌላውን አልሰማሁም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መጣ። እግዚአብሔር አንዳንዴ ሬድዮውን ያጠፋብኛል።»

ወንድይፍራው አራት ሰዓት ላይ በጭነት መኪና ወደ ቱርሚ መሄዱን የመኪናው ረዳት፣ የቱርሚው ሆቴል፣ እንዲሁም መንገድ ላይ ቲማቲም የሸጠችለት ሴት በስልክ አረጋገጡ። ደገፋ እያንዳንዱን ማረጋገጫ ሲቀበል ሙሉሽን ያያት ነበር።

ሰገነት ጣቢያው ውስጥ ጥግ ይዛ ልጇን ታጠባለች። የአሪ ልጅ ናት፤ አማርኛዋን የተማረችው ከአስካል ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» ነው የምትለው።

«ለምን ‹ፍቺው› አለችሽ?»

«ቲቸር እንዴት እንደምትሠራ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ሰገነት ቀና ብላ አየቻት። ከታሰረች ጀምሮ ምን እንዳደረገች እንጂ ምን እንደምትሠራ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ልብስ እንገዛለን። ቅዳሜ እዚህ፣ ማክሰኞ አልዱባ። ቲቸር አዲስ አትወድም። ሰው የለበሰው ይሁን ትላለች፣ ክርኑን ፀሐይ የበላው። ሦስቴ እናጥባለን። ቀለም የሚለቅ ይለቃል፣ የሚያጥር ያጥራል። ከዚያ ወረቀት እንቆርጣለን፣ በወረቀቱ ልክ ጨርቅ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በስፒል። መስፋት የለም። ማየት ብቻ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ቲቸር ደጅ ትወጣለች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ከሩቅ ታያለች። ትገለብጠዋለች። ትበትነዋለች። ቀይ መጨረሻ ነው የሚገባ። ቀይ ቀድሞ ከገባ ሌላውን ዝም ያሰኛል ትላለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በመኪና እንገጥማለን። ላዩ አለቀ። ሰው ያለቀ ይመስለዋል፣ ግን ግማሽ ነው። ከሥር ጨርቅ፣ መሐል ጥጥ፣ ከላይ ላዩ። ሦስቱን በሰፋፊው እንወሰውሳለን፣ እንዳይንሸራተት። ሐሙስ ወሰወስን። ከዚያ በኋላ በእጅ ነው። አንድ አንድ። ወር ይፈጃል። መኪና ጥጥ አይበላም።»

«አይበላም?»

«አይበላም። እኔ ዓርብ አበላለሁ አልኩ።» ሰገነት ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች። «እጄ ደከመ። ይቺ ታለቅሳለች። ቲቸር ሱቅ ስትሄድ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ጠርዙን መኪናው ሥር ከተትኩ። ሦስት ጣት ያህል ሄደ። ከዚያ መርፌው ቀጭ አለ። ለዚህ ነው ‹ፍቺው› ያለችኝ።»

«ዛሬ አራት ተኩል ላይ መጥተሽ ምን አደረግሽ?»

«ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።»

«አልገባሽም?»

«ትጥራኝ ብዬ ጠበቅኩ። አልጠራችኝም። ሄድኩ።»

ከጣቢያው ሲወጡ ደገፋ «ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ!» አለ። «ሰው ገድሎ ደጃፍ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«ስንት አጋጥሞሃል?»

«እሷ የመጀመሪያዬ ናት።»

እሑድ ማለዳ ሁለቱ ወደ አስካል ክፍል ተመለሱ። ሙሉሽ መጀመሪያ የስፌት መኪናው ጋ ሄደች። ጨርቅ የሚጫነውን ብረት አንስታ ጣቷን ከሥሩ ሰደደች፤ ወዲያና ወዲህ አደረገቻት። ምንም አልወጋትም። ጣቷን አውጥታ አየቻት፤ ከዚያ ወደ ወረቀቶቹ ቅርጫት ዞረች።

ቅርጫቱ አስካል ጨርቅ የምትለካባቸው ቁርጥራጮች ሞልተውበታል፤ የጋዜጣ፣ የተማሪ ፈተና፣ የሲሚንቶ ከረጢት። አብዛኞቹ ጠርዛቸው በመርፌ ተበሳስቷል። ከላይ ያሉት ብቻ አዲስ፣ ወፍራምና የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ አንድም ቀዳዳ የለባቸውም። ሙሉሽ ግራጫው ብርድ ልብስ ላይ ልትገጣጥማቸው ጀመረች። ደገፋ ስፒል ያቀብላታል፤ እጁ ወረቀት ስለያዘ ስፒሉን በጥርሱ ነክሷል።

«ደገፋ፣ የዛሬ ቁርስህ ምን ነበር?»

«እም።»

«ባለቤትህስ ደህና ናት?»

«እም! እም!»

«እትዬ አየለች ልክ ናቸው። ስፒል የያዘ አፍ አይመልስም። ስፒሉን ከየት አመጣኸው?»

ደገፋ ወደ ቆርቆሮው ጠቆመ።

«ትናንት ስንገባ ክዳኑ እንዴት ነበር?»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። «ተገጥሞ ነበር» አለ። «እና?»

«እና አስካል አፏ ባዶ ነበር።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ አንድ ገጽ ቆመ። የኤግዚቢሽን መጽሔት ገጽ ነው። በላዩ አስካል ባለፈው ዓመት የሠራችው፣ ከብት ወንዝ ሲሻገር የሚያሳየው ሥራ ፎቶ አለ። ከሥሩ የሠሪው ስም በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ስሙ የአስካል አይደለም።

ደገፋ አንዴ አነበበው። ሁለተኛ አነበበውና ተቀመጠ።

ሮዳስ ስትጠራ ወዲያው መጣች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ታሪክ ታስተምራለች፤ በአስካል ሥራ ላይ ጥናት ጀምራ ነበር። ግድግዳውን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔ ነኝ ያመጣሁላት። አዲስ አበባ ኤግዚቢሽኑ ላይ ሥራዋን አየሁት፤ ደስ ብሎኝ መጽሔቱን ገዝቼ ሐሙስ ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ‹ሮዲ፣ ይሄ ወረቀት ወፍራም ነው፤ ብቆርጠው ትቀየሚኛለሽ?› አለችኝ። ቁረጪው አልኳት።»

«ስሙን አላየሽውም?»

«አየሁት እንጂ። ወንድይፍራው ይላል። ሥራውን የሚያሳየው እሱ ስለሆነ የአዘጋጁ ስም መሰለኝ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሷ ግን እንግሊዝኛ ታነባለች። መምህርት ነበረችኮ።»

«ለምን ትናንት አልነገርሽንም?»

«የሰጠሁት ስጦታ ሰው ያጣላል ብዬ እንዴት ላስብ?»

ሮዳስ ስትወጣ ደገፋ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ አለቃ፣ ሰውየው ሌባ ነው። ስም ሰርቋል። ግን እትዬ አየለች መኪናው ሲሄድ ሰምተዋል፤ ከዚያ ሰውየው ወጣ፣ ቱርሚ ሄደ። ከእሱ በኋላ የመጣችው ሰገነት ናት። ችሎቱ ነገ ነው።»

«ዐውቃለሁ ነገ እንደሆነ» አለች ሙሉሽ። ሌሊቱን ሕፃኗ ስታስል ማደሯን የጣቢያው ዘበኛ ጠዋት ነግሯታል።

ወንድይፍራው እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ከቱርሚ ተመልሶ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተገኘ። ረጅም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሐዘኑም እንደ ሸሚዙ ሥርዓት ያለው ሰው ነው።

«እህቴን ነው ያጣሁት ኢንስፔክተር» አለ። «ስወጣኮ መኪናው ላይ ነበረች!»

«ምን ትሰፋ ነበር?»

«የአውሮፕላን ሜዳውን ነዋ፣ ጠርዙን። ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ፊልም የሚያነሱ እንግዶች ይመጣሉ፤ እስከዚያ ትጨርስልኝ ነበር።»

«ትጨርስልዎ?»

«ትጨርስ ነበር ማለቴ ነው። ለሁላችንም።»

«እንግዶቹ ማንን ነው የሚያነሱት?»

«ሥራውን» አለና በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ።

«አሥር ሰዓት ላይ ቤቷ እንሰበሰባለን። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሚያስፈልገን እርስዎ እንዳይቀሩ።»

ሥራውን የሚያውቅ ሰው መባሉ በሐዘኑ ውስጥ እንኳ ደስ አሰኘው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደገፋ ሬሳዋን የመረመረውን ሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው። ሙሉሽ ሁለት ጊዜ አንብባ ኪሷ ከተተችው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ሮዳስ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ሰገነት ከጣቢያ ተወስዳ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ወንድይፍራው ጠረጴዛው ራስጌ ቆሟል። እትዬ አየለች ብቻ በትእዛዝ ወደ ገዛ ክፍላቸው ተመልሰው ግድግዳው ሥር እንዲቀመጡ ተደርገዋል፤ በሕይወታቸው ይህንን እንዲያደርጉ በመንግሥት ሲታዘዙ የመጀመሪያቸው ነው።

«ነገ ችሎት አለ» አለች ሙሉሽ። «ከዚያ በፊት አስካል ቅዳሜ ጠዋት የት ድረስ እንደ ሰፋች ማወቅ አለብኝ። አቶ ወንድይፍራው አጠገቧ ነበሩ። እንዴት እንደ ነበረች እስቲ ያሳዩን።»

«እኔ?»

«መጽሔቱ ላይ ሠሪው እርስዎ ነዎት ይላል።»

ወንድይፍራው ግድግዳውን አየ፤ ገጹ በስፒል ተሰክቶ ቆሟል። ፊቱ ጥቂት ተለወጠና ተመለሰ። «አብረን ነው የምንሠራው» አለ። «ሐሳቡ የእኔ፣ እጁ የእሷ። ይኼ የተለመደ ነው።»

«ጥሩ። እጁን እስቲ እንይ።»

ክፍሉ ሁሉ አየው። እምቢ ቢል ከስሙ በላይ ያለው ፎቶ ሊመሰክርበት ነው። ተቀመጠ። የሥራውን ጠርዝ ስቦ፣ ጨርቅ የሚጫነውን ብረት አንስቶ፣ ወፍራሙን ጠርዝ በግድ ከሥሩ ከተተ። መርገጫውን ረገጠ። መኪናው ጮኸ፤ ሳያቋርጥ፣ ፋታ ሳይወስድ ጮኸ።

ሰገነት ቀና አለች። «ምን እያደረገ ነው?»

«ዝም በይ አንቺ!» አለ ወንድይፍራው፤ መርገጡን ቀጠለ።

በሩ በኃይል ተከፈተ። እትዬ አየለች ነጠላቸው ወድቆ ቆመዋል። «ይኸው! የቅዳሜው ይኼ ነው! ይኼ እረፍት የሌለው!»

«አስካል ስትሰፋ እረፍት ነበረው?» አለች ሙሉሽ።

«እንዴታ! ትሰፋለች፣ ታቆማለች፣ ጨርቁን ታዞራለች፣ ክር ትቆርጣለች። ኸረ የእሷ እንዲህ አይደለም። ቅዳሜ ቸኩላ ነው ብዬ...»

«አቶ ወንድይፍራው፣ ጨርቁን ያውጡት።»

ሳበው። ምንም ሳይዘው ወጣ። ደገፋ ጠርዙን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ በአንድ ፊት፣ በሌላ ፊት አየው። አንድም የመኪና ስፌት የለም። ጎንበስ ብሎ መኪናውን አየ።

«መርፌ የለውም!» አለ።

«ከዓርብ ጀምሮ የለውም» አለች ሙሉሽ። «ሰገነት፣ ሌላ መርፌ ነበራችሁ?»

«የለም። ከአርባ ምንጭ ነው የሚመጣ። ስባሪውን ቲቸር ራሷ ነቅላ ጣለችው።»

«እንግዲህ ስሙኝ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ይህ መኪና ሲሄድ ነበር። እትዬ አየለች አልዋሹም። ግን መርፌ የሌለው መኪና አይሰፋም። መርፌ ቢኖረውም አስካል አትቀመጥበትም ነበር፤ ሥራው ሐሙስ ጥጥ ገብቶበታል፤ ከጥጥ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። ይህንን አስካል ታውቃለች። ሰገነት ታውቃለች፣ ለዚያውም ዓርብ አስካል ተቆጥታ አስተምራታለች። ስለዚህ ባዶውን መኪና የረገጠው ከሁለቱ አንዳቸውም አይደሉም። አሠራሩን የማያውቅ ሰው ነው። ያለቀ ሥራ ተረክቦ የሚሄድ ሰው፤ ድሪቶ ሁሉ በመኪና የሚሰፋ የሚመስለው።»

«እሷ ናት የረገጠችው! እየሞከረች ነበር!» አለ ወንድይፍራው።

«ለእኔ የነገሩኝ ‹ጠርዙን ትሰፋ ነበር› ብለው ነው። ጠርዙ ይኸው፤ ሰገነት ሦስት ጣት ያህል የሰፋችው የተፈታበት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። እርስዎ ቤቱ ውስጥ ሳሉ ነው መኪናው የተረገጠው። እሷ ካልሆነች የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

«ስወጣ ተሰናብቻታለሁ። እትዬ አየለችን ጠይቂያቸው!»

«ተሰናብተዋታል። መልስ አለመስጠቷ ማንንም እንደማያስደንቅ ያውቁ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሮዳስም አንኳኩታ የሄደችው ለዚያ ነው። ይህንን ልማዷን ያውቁታል፤ ከሥራዋ የሚያውቁትም እሱን ብቻ ነው። ግን ስፒሉ ሁሉ ቆርቆሮው ውስጥ ነበር፤ ከንፈሯም ላይ ወለሉም ላይ አንድ አልተገኘም። ዝም ያለችው በሌላ ምክንያት ነው።»

እትዬ አየለች ቀስ ብለው በሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«ከጓሮ እስክመለስ...» አሉ።

«አዎ። ጓሮ መሆንዎን በመስኮት ያያል። ሰሚ ያስፈልገው ነበር። እርስዎ ተመልሰው እስኪቀመጡ ጠብቆ ረገጠ።»

ወንድይፍራው ከወንበሩ ተነሣ፤ ደገፋ መንገዱን ዘግቶ ስለቆመ መልሶ ተቀመጠ።

«ያለ እኔ ድሪቶ ነበር!» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ማን ያያት ነበር? ማን? እኔ ነኝ ለሥራዎቿ ስም ያወጣሁላቸው፣ እኔ ነኝ ለፈረንጅ ያስረዳሁት! ማክሰኞ አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ቀን፣ ‹ሰፊዋ ብቻ ነኝ› በይ አልኳት። እሷ መጽሔቱን አወጣች። ስሜን በመቀስ እየቆረጠች ‹ለላም ቀንድ ልክ ነው› አለችኝ። እየሳቀች! እጇን ያዝኩ፤ ተጎተተች፤ ወደቀች። አልገፋኋትም።»

«ሊሆን ይችላል። ያንን ለዳኛ ይንገሩ። እኔ የምጠይቅዎ ስለ ሩብ ሰዓቱ ነው።»

«የቱ ሩብ ሰዓት?»

«የረገጡበት።» ሙሉሽ ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። «ሐኪሙ ደሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የፈሰሰው ይላል። አስካል ስትወድቅ አልሞተችም።»

«የሞተች መስሎኝ ነው!»

«ትንፋሿን አዳመጡ?»

ወንድይፍራው አቀረቀረ። እግሩ መርገጫው ላይ እንደነበረ ያኔ አይቶ በድንገት አነሣው።

ደገፋ ይዞት ሲወጣ ሮዳስ እትዬ አየለችን ደግፋ ተከተለች። አሮጊቷ «ሰምቼ ዝም አልኩ፣ ሰምቼ» ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ ሙሉሽና ሰገነት ቀሩ።

«ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለች ሙሉሽ። «ነገ ችሎት ስምሽ አይጠራም። ልጅቷን ደግሞ ጤና ጣቢያ አሳዪያት።»

ሰገነት አልተነሣችም። «እሱ ሲወጣ አልሞተችም አልሽ።»

«አዎ።»

«አራት ተኩል ላይስ?»

ሙሉሽ ወረቀቱን አጠፈች። ሰገነት እጇን ዘረጋች።

«አሳዪኝ።»

ተቀበለችና አየችው፤ በእንግሊዝኛ ነው። ገልብጣ ጀርባውን አየችና መለሰችላት። «አንብቢልኝ።»

አንድ ደግ ውሸት ሙሉሽ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ይቺ ልጅ ሁለት ቀን የታሰረችው ሰዎች ስለ እሷ በተናገሩት ነው።

«ከወደቀች በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ኖራለች ይላል። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት አርፋ ሊሆን ይችላል። አንቺ ደጃፉ ላይ ሳለሽም ሊሆን ይችላል። ከዚህ የበለጠ ማንም አያውቅም።»

ሰገነት ተነሣች፤ ሕፃኗ እንዳትነቃ ማዘያዋን ቀስ ብላ አጠበቀች።

«እኔ ዐውቃለሁ» አለች። «አኩርፌ ነበር። አልገባሁም።»